መተሐራ ላይ ያልወጣው እሳት

ታኅሣሥ 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ረፋድ ላይ፣ አዳማ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሳለ አንድ ቪዲዮ ደረሰኝ። ዶፈን ተራራ አካባቢ መሬቱ ተሰንጥቆ ጭስ የሚመስል ነገር በኃይል ይተፋል። የምጽፍለት ሚዲያ አዘጋጅ «በግማሽ ሰዓት ላክ» አለኝ። ላክሁ። «እሳተ ገሞራ ፈነዳ» ብዬ።

የወጣው ግን እንፋሎት፣ ጋዝና ጭቃ ነበር። ቀልጦ የፈሰሰ ድንጋይ አልነበረም። ማረሚያው ማታ ወጣ፤ ማረሚያ ማን ያነባል? መተሐራ ያለችው አክስቴ ከመምሸቱ በፊት ስድስት ፍየሎቿን በግማሽ ዋጋ ሸጣ ጨርሳለች። «የወንድሜ ልጅ ነው የጻፈው» እያለች ነበር አሉ።

መፍራቷ ስህተት አልነበረም። በዚያው ሌሊት፣ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ በሬክተር ስኬል 5.8 የተለካ መንቀጥቀጥ መጣ። የካቲት 7 ደግሞ 6.0 ደረሰ። ቤቶች ፈረሱ፤ በአፋርም በኦሮሚያም በኩል ሕዝብ ከቀዬው ተነሳ። የእኔ ጥፋት ምክንያቱን ማሳሳቴ ነው። መሬቱን ያናወጠው ማግማ ወደ ላይ አልወጣም። በፈንታሌና በዶፈን መካከል ስንጥቅ ለስንጥቅ ሰርጎ እዚያው ከመሬት በታች ቀረ።

ታዲያ የቀረው ምን ይሆናል? ይህን የጠየቅሁት ዘግይቼ ነው፣ ጂኦሎጂ የተማረ ጓደኛዬን። አክስቴን ልንጠይቅ ስንሄድ በሰቃ ሐይቅ አጠገብ መኪናውን አስቆመኝ። ያንን መንገድ የሚያውቅ ሁሉ ጥቁሩን የድንጋይ ባሕር ያውቀዋል። ከ200 ዓመት ገደማ በፊት ከፈንታሌ ግርጌ የፈሰሰ ነው። ከላዩ አንድ ስባሪ አነሳ፦ ጥቁር፣ በአረፋ ቀዳዳ የተሞላ፤ ዓይን የሚለየው ቅንጣት የለውም። አየር ስለነካው ቶሎ በረደ። ወፍራም ፍሰት ሲሆን ግን መሃሉ ቆይቶ ስለሚበርድ ቅንጣቱ ከፍ ይላል አለኝ።

አልገባህም መሰለኝ ብሎ ወንጂን ጠራልኝ። በልጅነታችን የበላነው ደስታ ከረሜላና ሻይ ውስጥ የምንጨምረው ስኳር የአንድ አገዳ ልጆች ናቸው። የፈላው ስኳር ቶሎ ከበረደ ቅንጣት ሳይሠራ እንደ መስታወት ይደርቃል፤ ከረሜላ ሆነ። ጊዜ ካገኘ ግን ቅንጣት ያወጣል።

የድንጋይ ከረሜላ ባልጩት ነው። ባቱ አጠገብ ጋዴሞታ ላይ ቢያንስ ከ270 ሺህ ዓመት በፊት የኖሩ ሰዎች መሣሪያ የቀረጹበት። እርግጥ ባልጩትን ባልጩት ያደረገው ፍጥነት ብቻ አይደለም፤ ሲሊካ የበዛበት ማግማ እንደ ሙጫ የሚጎተት ስለሆነ ቅንጣት የሚሠሩት አተሞች ተንቀሳቅሰው መገናኘት ይቸግራቸዋል። ተቃራኒውን ማየት የፈለገ የአክሱምን ሐውልት ቀርቦ ይመልከት። ቅንጣቶቹ በዓይን ይለያሉ፤ ድንጋዩ መሬት ውስጥ ሆኖ ቀስ ብሎ ነው የበረደው።

የእኛ የ2017ቱ ማግማ ከሁለቱ መካከል ነው። እንደ ግድግዳ ቆሞ በድንጋይ መሃል ተጣብቋል። ዳሩ ቀዝቃዛውን አለት ስለነካ ቶሎ ይደርቃል፤ ቅንጣቱም ደቃቅ ነው። መሃሉ ይዘገያል። የግድግዳው ስፋት እጥፍ ሲሆን የመብረጃው ጊዜ አራት እጥፍ ነው። ሁለት ሜትር ስፋት ያለው በሳምንታት የሚጠነክር ከሆነ ሃያ ሜትሩ ዓመታት ይፈልጋል። እኛ ግን እንፋሎቱ ሲቆም ዜናውንም አቆምን። የተፈናቀለው ሰው የት ደረሰ ብሎ የጠየቀ ስንት ነው? እኔም አልጠየቅሁም፤ የገዛ አክስቴን እንኳ ለማየት ወራት ፈጅቶብኛል።

አክስቴ ቡና አፍልታ ጠበቀችን። የግቢዋ አጥር ከመንቀጥቀጡ ወዲህ እንደዘመመ ነው። ስለ ፍየሎቹ ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር በእጇ ዝም አሰኘችኝ።

«አሁን ታች ያለው በርዷል ወይ?»

«እቴቴ፣ ዳር ዳሩ በርዷል። መሃሉ እንደ ስፋቱ ነው» አልኳት።

«ገንፎ በለኛ!» አለች። ትንሽ አሰበችና ወደ ጓደኛዬ ዞረች። «እንዲህ ከሆነ ፍየል ከመግዛቴ በፊት አንተን ነው የምጠይቀው። እሱ ይጽፋል።»