ላንጋኖ ዳር ያለ ድስት

ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ላንጋኖ ስንደርስ፣ ቡናማው ውኃ በነፋስ ይናወጥ ነበር። ቀደም ሲል ወደዚህ ስንመጣ እኔ ሽንኩርት ሳቁላላ ፀሐይ ትጠልቃለች፤ ባለቤቴ ልጆቹን ይዞ ያለ እኔ በዳርቻው ይራመዳል። አንድ ጊዜ ወደ ቤት ስንመለስ፣ “ለመሆኑ አንቺ ላንጋኖን አይተሽው ታውቂያለሽ?” አለኝ። መልስ አጣሁ።

ዘንድሮ ድስቱን ቤት ተውኩት። አጥንት የሌለው የዶሮ ሥጋ በበረዶ ይዘን፣ መቂ ላይ ሽንኩርት፣ ካሮትና ቃሪያ ገዛን።

አሠራሩ ቀላል ነው። ድርብ ፎይል ላይ በስሱ የተከተፈ ድንችና ካሮት ይነጠፋል። በላዩ በትንሹ የተቆረጠው ዶሮ፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዘይት፣ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬና የጥብስ ቅጠል ይጨመራል። እንፋሎቱ እንዳይወጣ ጠርዙ በደንብ ይታጠፋል። ነበልባሉ ጠፍቶ ፍሙ ሲቀር፣ እያገላበጡ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ማብሰል ነው። ዶሮው ውስጡ ቀይ ከሆነ ይመለስ። ሎሚ አሉሚኒየሙን ስለሚበላው፣ የሚጨመቀው ከተከፈተ በኋላ ነው።

የየራሳችንን ጥቅል ባለቤቴና ልጆቹ ጠቀለሉ። እስኪበስል ድረስ እኔና እሱ በሐይቁ ዳር ተቀምጠን፣ ለብዙ ጊዜ ያላወራነውን አወራን። የሚታጠብ ድስት አልነበረም፤ ፎይሉን ሰብስበን ይዘን ተመለስን።

እህቶቼ፣ ዶሮ ወጡ ለበዓል ይቆየን። ለመንገድ ግን ቀለል ያለ ራት ይበቃል፤ ቤተሰቦቻችን የሚፈልጉት እኛንም ጭምር ነውና።