«ፒችትሪ የሚችል/የምትችል»

ቃሊቲ ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ማስታወቂያ አንብባችሁ ካወቃችሁ ያችን መስመር አታጧትም፦ «ፒችትሪ የሚችል/የምትችል»። የዱቄት ፋብሪካውም፣ የቆርቆሮውም፣ ጉምሩክ አካባቢ መጋዘን የያዘው አስመጪም ይጽፋታል። ፒችትሪ የተባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ግን በዚህ ስሙ መሸጥ ካቆመ ቆየ። ባለቤቱ ሴጅ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ከ2013 (በፈረንጆቹ) እትሙ ጀምሮ «ሴጅ 50» ብሎታል። እኛ ጋ ዛሬም ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚዞረው የ2010ሩ ክራክ ነው።

አጫጫኑን ያየ ያውቃል። ጫኚው ልጅ ገና ቁጭ ሲል አንቲቫይረሱን ያጠፋል፤ «ክራኩን ይበላብናል» ይላል። ዊንዶውሱም ክራክ ስለሆነ እንዳይነቃበት አፕዴቱን ይዘጋል። ከፍላሹ አንድ ፋይል ኮፒ አድርጎ በዋናው ላይ ይተካል፣ ይከፍታል፣ ሠራ! ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። አንቲቫይረሱን መልሶ የሚያበራው የለም። የሠራተኛው ደመወዝ፣ የደንበኛው ዕዳ፣ የድርጅቱ ባንክ ሒሳብ፣ ሁሉም ያለው እዚያ ኮምፒውተር ላይ ነው።

ግንቦት 2009 ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆላፊ ቫይረስ ዓለምን ሲያምስ ማይክሮሶፍት ማስተካከያውን መጋቢት ላይ ለቅቆት ነበር። ሰለባ የሆኑት አፕዴት ያላደረጉት ናቸው። ሌላው ረስቶ ወይም ሰንፎ ይሆናል፤ እኛ ግን ከፍለን ነው የምናዘጋው።

አንዲት የማውቃት የሒሳብ ባለሙያ ሰኔ መጨረሻ ላይ ዓመቱን ልትዘጋ ኮምፒውተሯን ስትከፍት ፋይሎቿ በሙሉ ተቆልፈው ጠበቋት። የቀረላት ዶላር ክፈሉ የሚል ጽሑፍ ነው። ባክአፕ ነበራት፤ እዚያው ኮምፒውተር ዲ ድራይቭ ላይ። (አትሳቁ፣ የእናንተስ የት ነው?) ከደረሰኝ ጥራዝ ላይ እንደገና ስትመዘግብ ክረምቱ አለቀ።

«ሌብነት ነው» ብዬ ልሰብክ አልመጣሁም። ልክፈል የሚለውስ በምን ይክፈል? በተራ የብር ካርድ ከውጭ ድረ ገጽ መግዛት አይቻልም። ዶላር ለማግኘት ባንክ ደጅ መጥናት ነው። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ደግሞ በዶላር የሚከፈል ነገር ሁሉ በብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል።

የሚያናድደኝ ሌላ ነው። የቅጂ መብት አዋጃችን፣ ቁጥር 410/1996፣ የኮምፒውተር ፕሮግራምን ይጠብቃል። ጥበቃው ደግሞ በቀጥታ የሚደርሰው ለኢትዮጵያዊው፣ ለዚህ አገር ነዋሪና እዚህ ለታተመ ሥራ ነው፤ የውጭው የሚገባው አገራችን በፈረመችው ስምምነት በኩል ነው። እንግዲህ በወረቀት ላይ ቅድሚያ ያለው የአገር ልጅ ነው። ያ ልጅ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 እንደሚጀምር የሚያውቅ፣ ጳጉሜን የማያደናግረው ሶፍትዌር ሠርቶ ፋብሪካው በር ላይ ሲቆም ሥራ አስኪያጁ ምን ይለዋል? «እኛ ፒችትሪ አለን፣ በነፃ።» ከሴጅ ጋርማ በዋጋ ይወዳደር ነበር። ከዜሮ ብር ጋር ግን ማን ይወዳደራል?

ነፃው ነገርስ ምን ሠራልን? በ2017 አዲሱ የገቢ ግብር ማሻሻያ ከግብር ነፃ የሆነውን ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ሲያሳድግ ፒችትሪ አልሰማም። አይሰማምም፤ የአሜሪካንን ግብር እያሰበ የተሠራ ነው። ስለዚህ በየፋብሪካው ያለ የሒሳብ ሠራተኛ አምሽቶ የኤክሴል ቀመሩን ለየራሱ አስተካከለ። አንድ ፕሮግራመር አንዴ ሠርቶ ለመቶ ድርጅት ሊሸጠው የሚችለው ሥራ በየቢሮው በነፃ ተሠርቶ አለቀ።

ከሐምሌ 2016 ጀምሮ «5 ሚሊዮን ኮደሮች» እያልን እያሠለጠንን ነው፤ ጎበዝ ልጆች ሰርተፊኬታቸውን ቴሌግራም ላይ ይለጥፋሉ። ደስ ይላል። ቀጣሪው ግን አሁንም ማስታወቂያው ላይ ፒችትሪ ነው የሚጽፈው።

ሳይሰረቅ በነፃ የሚገኝ አለኮ። ኢአርፒኔክስት ክፍት ፈቃድ ያለው ሶፍትዌር ነው፤ ኮዱን ማንም አውርዶ መቀየር፣ ለሌላ ሰውም በክፍያ ማስተካከል ይችላል። ገንዘቡ ያለው ከእኛ ግብር፣ ከጡረታው 7 እና 11 በመቶ፣ ከእኛ ዘመን አቆጣጠር ጋር ማስማማቱ ላይ ነው። ይህን ካሊፎርኒያ ያለ ሰው አይሠራልንም።

የቃሊቲ ሥራ አስኪያጆች፣ በሚቀጥለው ማስታወቂያችሁ ፒችትሪን ሰርዙና «ክፍት ሶፍትዌር ከአገራችን የግብር ሕግ ጋር ማስማማት የሚችል/የምትችል፣ ባክአፕ ከግቢ ውጭ የሚያስቀምጥ/የምታስቀምጥ» ብላችሁ ጻፉ። ኮሜንት ላይ ለጥፉልኝ፤ አመልካች እኔ እልክላችኋለሁ።