አንድ ጊዜ አይቶ መጻፍ

ለልጅ «ጨ»ን አንዴ ብታሳዩት አጣሞም ቢሆን ይጽፋታል። ኮምፒዩተር ግን አንዲት ምልክት ለመለየት ብዙውን ጊዜ በመቶና በሺህ የሚቆጠር ናሙና ይፈልጋል። በ2015 እ.ኤ.አ. ሌክ፣ ሳላኩትዲኖቭና ቴነንባውም የተባሉ ተመራማሪዎች የልጁን ዘዴ ለማሽን ሊያወርሱ ሞከሩ። ከ50 የፊደል ዓይነቶች 1,623 ምልክቶች ሰበሰቡ፤ የእኛም ግዕዝ አለበት (ደስ አይልም?)። ፕሮግራማቸው ፊደልን የሚረዳው እንደ ሥዕል ሳይሆን እጅ እንደሚጽፈው፣ ጭረት በጭረት ነው። አንድ ናሙና ብቻ አይቶ የጻፈውን ከሰው ጽሕፈት ለመለየት ዳኞች ተቸገሩ።

እኔን የነካኝ ይሄ የጭረት ነገር ነው። የፊደል ገበታ ተጽፎ ያለቀ ነው፤ እጅ ከየት ተነሥቶ የት እንዳረፈ ልጁ አያይም። እኔ በበኩሌ በጠመኔ እፊታቸው መጻፍን እመርጣለሁ። ታዲያ ጀርባችን ሰሌዳውን ከጋረደው ምን ዋጋ አለው? ወደ ጎን ቆሞ መጻፍን ከአሁኑ ብንለማመድስ?