ከሜዳ ከወጣ በኋላ ማን ይሸከመዋል?

ዛሬ ስለ አንድ የራግቢ ተጫዋች ላጫውታችሁ ነው። «የፓስተር ሚስትንና ራግቢን ምን አገናኛቸው?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ጨዋታውን እኔም በቅጡ አላውቀውም፤ የሰውየው ታሪክ ግን ጓዳዬ ድረስ ገብቶ ወቅሶኛል።

ሮብ ባሮው ይባላል፤ እንግሊዛዊ ነው። ራግቢ ግዙፍ ሰዎች የሚላተሙበት ጨዋታ ነው፤ የእርሱ ቁመት ግን 1 ሜትር ከ65 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነበር። «ለዚህ ጨዋታ ትንሽ ነህ» እየተባለ አደገ። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2001 ለሊድስ ራይኖስ ክለብ መጫወት ጀምሮ እስከ 2017 ድረስ ከዚያው ቤት አልወጣም። 492 ጊዜ ተሰልፎ፣ ስምንት ጊዜ የሱፐር ሊግ ዋንጫ አነሣ።

ጫማውን በሰቀለ በሁለት ዓመቱ፣ በ2019 መጨረሻ፣ እንቅስቃሴን የሚያዝዙ ነርቮችን ቀስ በቀስ የሚገድል በሽታ እንዳለበት ተነገረው። ገና 37 ዓመቱ ነበር፤ የሦስት ትንንሽ ልጆች አባት። ያ ሯጭ እግር ቆመ፤ አንደበቱም ተያዘ። ባለቤቱ ሊንዚ ሥራዋንም ልጆቿንም ይዛ አስታመመችው።

የቀድሞ አምበሉ ኬቨን ሲንፊልድም አልራቀም። በግንቦት ወር 2023 በሊድስ ማራቶን ጓደኛውን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋ 42 ኪሎ ሜትር ሮጠ። መጨረሻው መስመር አጠገብ ሲደርስ ቆመ፤ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ አቀፈውና ተሸክሞት ተሻገረ። ሮብ በሰኔ 2 ቀን 2024 በ41 ዓመቱ አረፈ።

ወገኖቼ፣ ይህን ስሰማ ሽባውን ለአራት ተሸክመው ጣሪያ የነደሉት ሰዎች ትዝ አሉኝ (ማር. 2፥1-12)። በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለሁ በዚህ ክፍል ላይ ሰብኬ ጥሩ ማርክ አግኝቻለሁ። የማንንም ጣሪያ ግን አልወጣሁም!

በጉባኤያችን ለረጅም ዓመታት በመዘምራን ያገለገለ ወንድም ነበረ። ስትሮክ መትቶት አልጋ ላይ ከዋለ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። ሚስቱን እሑድ እሑድ በር ላይ ሳገኛት «እየጸለይን ነው፣ እህቴ» እላትና አልፋለሁ። ከዚያም አለመምጣት ጀመረች። እኔም «ደክሟት ይሆናል» ብዬ ዝም አልኩ።

በመጨረሻ አንድ ሐሙስ እንጀራና ወጥ ይዤ ሄድኩ። አልተቆጣችም። «እህቴ፣ በመጀመሪያው ወር ቤቴ ሰው አይጠፋበትም ነበር። አሁን የምፈልገው ሁለት ሰዓት የምተኛበት ጊዜ ብቻ ነው» አለችኝ። እርሷ ተኛች፤ እኔ ከወንድማችን አጠገብ ተቀመጥኩ። ቀስ ብዬ መዝሙር ስጀምር ከንፈሩ አብሮኝ ተንቀሳቀሰ። ያኔ እንባዬን መያዝ አልቻልኩም። ሦስት ዓመት ሙሉ ይህ ሰው የሚያዘምረው አጥቶ ነበር።

አሁን ሦስት እህቶች ተራ ገብተን እንሄዳለን። ትልቅ ነገር አይደለም፤ የቀረሁበትም ሳምንት አለ።

ውድ አንባቢ፣ ዋንጫ ሲነሣ ማጨብጨብ ቀላል ነው። ሲንፊልድና ባሮው የአንድ ክለብ ሰዎች ነበሩ፤ እኛ ደግሞ የአንድ አካል ብልቶች ነን እንላለን። በእናንተ ጉባኤ ትናንት ሲያገለግል የነበረ፣ ዛሬ ግን ወንበሩ ባዶ የሆነ ማን ነው? ስሙ አሁን ከመጣላችሁ፣ ይህን መጽሔት አስቀምጡና ደውሉለት። ጌታ ለሁላችንም የሚሸከም ክንድ ይስጠን። አሜን።