አገር ሲቃረብ
ስለ ባሕር መንገደኞች የተጻፈውን የሚያነብ ሰው፥ ከሁሉ የሚያስፈራው የደቡቡ ማዕበል ይመስለዋል። እኛም የ1968ቱን የብቸኛ መርከበኞች ውድድር ታሪክ እስክንመረምር ድረስ እንዲሁ ይመስለን ነበር። ነገር ግን ጽኑውን ፈተና ያገኘነው፥ ሰዎቹ ከማዕበሉ ወጥተው ፊታቸውን ወደ አገራቸው ከመለሱ በኋላ ነው።

ሰንደይ ታይምስ የተባለው የሎንዶን ጋዜጣ ባሰናዳው በዚህ ውድድር፥ ዘጠኝ ሰዎች እያንዳንዳቸው ብቻቸውን በሸራ መርከብ ዓለምን ሊዞሩ ተነሡ። የመነሻውም ጊዜ በአውሮፓ አቆጣጠር ከጁን 1 እስከ ኦክቶበር 31 ቀን 1968 ዓ.ም. ነበረ። ወደብ መግባትና ከሌላ መርከብ ርዳታ መቀበል ክልክል ነው። አስቀድሞ ለሚደርስ የወርቅ ሉል፥ ጕዞውን በጥቂት ቀን ለሚፈጽም 5,000 ፓውንድ ተመድቦ ነበር።

እንግሊዛዊው ሮቢን ኖክስ ጆንስተን ሲነሣ የ29 ዓመት ሰው ነበረ። መርከቡ ሱሄሊ በቦምቤይ ከተማ ከቲክ እንጨት የተሠራች ስትሆን፥ ርዝመቷ 10 ሜትር አይሞላም። መኝታው፥ ወጥ ቤቱ፥ የስንቅ ጎተራው ሁሉ በዚያች ጠባብ ሆድዋ ውስጥ ነው። የአሥር ወር ስንቅ በአንዲት ክፍል አኑሮ፥ ወለሉ ቀንና ሌሊት እየተወዛወዘ ምግብ ማብሰል እንዴት ያለ ሥራ እንደ ሆነ የቤት እመቤቶች ይፍረዱ! የውሃ ማጠራቀሚያዎቹ ስለ ተበላሹበት፥ የሚጠጣውን ከዝናብ ያጠራቅም ነበር። መርከቢቱን በራሱ የሚመራው መሣሪያ በአውስትራልያ አካባቢ ስለ ተሰበረ፥ ከዚያ ወዲህ ሸራዎቹን አመዛዝኖ፥ መሪውን በገመድ አስሮ ይተኛል፤ ነፋሱ አቅጣጫውን በለወጠ ቍጥር ደግሞ ይነሣል። ሠላሳኛ ዓመቱን የያዘው ባሕር ላይ ነው። ራዲዮኑም ተበላሽቶ ስለ ነበር፥ በኖቬምበር በኒው ዚላንድ ጠረፍ ከታየ በኋላ፥ በኤፕሪል 1969 በአዞር ደሴቶች አቅራቢያ አንድ መርከብ እስኪያገኘው ድረስ፥ ቤተ ሰቦቹ በሕይወት መኖሩን አላወቁም። በምድር ወገብ አጠገብ ነፋስ የሚጠፋበትን ባሕር አልፎ ወደ አገሩ የወጣው፥ ወሬውን ሳያሰማ ነው።

ፈረንሳዊው በርናር ሞይተሲዬ ግን አገር ሲቃረብ ሌላ ሐሳብ መጣበት። ጆሹዋ የምትባለው የብረት መርከቡ ፈጣን ስለ ነበረች፥ ገንዘቡን የማግኘት ተስፋ ነበረው። ሚስቱም በፈረንሳይ ትጠብቀው ነበር። እርሱ ግን በማርች 1969 በኬፕ ታውን ፊት ለፊት፥ ውድድሩን መተዉን የሚገልጽ መልእክት በላስቲክ ወንጭፍ ወደ አንድ ነዳጅ ጫኝ መርከብ ወርውሮ፥ እንደ ገና ወደ ምሥራቅ ሄደ። ታሂቲ የደረሰው በጁን ወር ነው። ብዙዎች ስለዚህ ነገር ያመሰግኑታል፤ እኛ ግን የሚስቲቱን ቃል ሳንሰማ ፍርድ አንሰጥም።

ናይጀል ቴትሊ፥ ቪክትረስ በተባለችው ባለ ሦስት ቀፎ መርከቡ ዓለምን ዞሮ፥ ሲሄድ ያለፈበትን መሥመር አቋርጦ ነበር። መርከቢቱ ተጎድታለችና ቀስ ብሎ ቢሄድ ይገባው ነበር። ነገር ግን ዶናልድ ክሮኸርስት የሚባለው ተወዳዳሪ ከኋላ እየደረሰበት መሆኑን በራዲዮ ስለ ሰማ አጣደፋት። በሜይ 21 ቀን 1969፥ ሊደርስ 1,100 የባሕር ማይል ያህል ሲቀረው መርከቢቱ ተሰብራ ሰጠመች፤ እርሱም በማዳኛ ታንኳ ላይ ሳለ አንድ ነዳጅ ጫኝ መርከብ አነሣው።

የሚያሳዝነው፥ የሚከተለው ሰው ዓለምን አለመዞሩ ነው። ክሮኸርስት መርከቡ ለደቡቡ ባሕር እንደማትበቃ አይቶ፥ ውድድሩን ቢተው ደግሞ ዕዳ እንደሚወድቅበት ፈርቶ፥ በደቡብ አትላንቲክ ተደብቆ የሐሰት ወሬ በራዲዮ ያስተላልፍ ነበር። ያልሄደበትን ስፍራ በየቀኑ አስልቶ መጻፍ፥ የሄደበትን ከመጻፍ ይልቅ እጅግ ይከብዳል። እኛ በፍርድ ቤት መዝገብ የምንጽፍ ሰዎች ይህን እናውቃለን፤ ሐሰተኛ ሰነድ ያቀረበ ሰው የሚንቀጠቀጠው ሲጽፍ ሳይሆን፥ ዳኛው ገጹን ሲገልጥ ነው። ቴትሊ በሰጠመ ጊዜ ገንዘቡ ለክሮኸርስት የቀረበ መሰለ፤ የቀረበው ግን ምርመራው ነው። አራት ልጆቹና ሚስቱ በደስታ ሊቀበሉት ሲሰናዱ፥ እርሱ አእምሮው ታውኮ ብዙ ገጽ ጻፈ። ጽሕፈቱ ጁላይ 1 ቀን ላይ ያቆማል። በጁላይ 10 ቀን መርከቢቱ ባዶዋን በባሕር ላይ ስትንሳፈፍ ተገኘች፤ መዝገቦቹ በውስጧ ነበሩ።

ሱሄሊ ከእነዚህ መከራዎች በፊት፥ ኤፕሪል 22 ቀን 1969 ዓ.ም.፥ በ312ኛው ቀን ወደ ተነሣችበት ወደ ፋልመዝ ወደብ ገብታ ነበር። የጉምሩክ ሹማምንት እንደ ደንባቸው ወደ መርከቢቱ ወጥተው ከየት እንደ መጣ ቢጠይቁት፥ «ከፋልመዝ» ብሎ መለሰላቸው። ከዘጠኙ የደረሰ ሌላ ሰው ስላልነበረ ሁለቱም ሽልማት የእርሱ ሆነ። 5,000 ፓውንዱን ግን ለክሮኸርስት ሚስትና ልጆች ሰጠ።