ለልጆች የተሠራችው የሄሬሾፍ ጀልባ

ናትናኤል ሄሬሾፍ በዓለም የታወቀው በግዙፍ የሸራ ጀልባዎቹ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1893 እስከ 1920 የአሜሪካ ዋንጫ የተባለውን የሸራ ጀልባ ውድድር ሽልማት ከተፎካካሪዎች የጠበቁት ጀልባዎች በሙሉ የእሱ ንድፍ ናቸው። እኔ ግን ከሥራዎቹ ሁሉ አስበልጬ የምወደው በ1914 የነደፋትን ትንሿን ጀልባ ነው። ርዝመቷ አምስት ሜትር እንኳ አይሞላም።

ያዘዟት በማሳቹሴትስ፣ በባዛርድስ ቤይ ዳርቻ በጋውን የሚያሳልፉ ቤተሰቦች ነበሩ። ልጆቻቸው በሸራ መጓዝን የሚማሩባት ጀልባ ፈለጉ። ቦታው ግን ለጀማሪ የሚራራ አይደለም። በበጋ ከሰዓት በኋላ ከደቡብ ምዕራብ ብርቱ ነፋስ ይነሣል፤ ውኃው ጥልቀት ስለሌለው ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል። የሄሬሾፍ መልስ ክብደት ነበር። ከጀልባዋ ክብደት ግማሽ ያህሉን ከሆዷ በታች በእርሳስ አኖረው። ነፋሱ ሲገፋት ትጋደላለች፣ ክብደቱ መልሶ ያቀናታል። የፊቷ ሸራም አቅጣጫ ሲቀየር ራሱ ወደ ሌላው ጎን ይዞራል፤ ስለዚህ ልጁ መሪውንና ትልቁን ሸራ ብቻ ይዞ መሄድ ይችላል።

ሄሬሾፍ ንድፉን የሚጀምረው በወረቀት አልነበረም። የጀልባዋን ግማሽ ጎን በእንጨት ይቀርጽና ልኬቱን ከዚያ ላይ ያወጣል። በሮድ አይላንድ፣ ብሪስቶል፣ የጀልባ ፋብሪካውን አብሮት ያቋቋመው ወንድሙ ጆን ዓይነ ስውር ነበር፤ ሞዴሎቹን የሚመረምረው በእጁ እየዳሰሰ ነበር። የዚህችን ጀልባ ጎን ባየሁ ቁጥር ይህ ትዝ ይለኛል። ቅርጿ ለመዳፍም የሚገባ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ከእንጨት ተሠሩ። እንጨት ደግሞ ጠባቂ ይፈልጋል፤ ከውኃ ወጥቶ ሲከርም ይደርቃል፣ በሳንቃዎቹ መካከል ያለው ስፌት ይከፈታል፣ ቀለሙ በየዓመቱ ይታደሳል። ፋይበርግላስ ሲመጣ ብዙ ሠሪዎች እፎይ አሉ። የመስታወት ጨርቁን በቅርጽ ማውጫው ላይ አንጥፎ በሙጫ ማራስ ነው፤ ሲደርቅ ስፌት የሌለው አንድ ገላ ይወጣል።

ችግሩ ግን እዚህ ላይ ነው። የገላው ክብደት ከቀድሞው ከተለየ ጀልባዋ በውኃው ላይ የምትቀመጥበት መስመር ይለወጣል፤ ማዕበል ላይ የምትወጣበትና የምትወርድበትም ሁኔታ ሌላ ይሆናል። ዓይን የሚያየው ቅርጽ ያው ነው፣ ጀልባዋ ግን ያቺ አይደለችም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዶውዲሽ በሚል ስም በፋይበርግላስ የሠሯት ሰዎች ይህን በሚገባ ተረድተውታል። በሁለት የፋይበርግላስ ሽፋን መካከል ቀላል አረፋ አስገብተው፣ ክብደቷ ከእንጨቷ ጋር እንዲስተካከል ደከሙ። በውጤቱም ከአሮጌዎቹ የእንጨት ጀልባዎች ጋር በአንድ መስመር ተሰልፋ እንድትወዳደር ተፈቀደላት።

«ፕላስቲክ ነው» ብለው የሚንቋትን አልቀበልም። በጠርዟ ላይ ያለው የቲክ እንጨት ያምራል፣ ክላሲክ ያደረጋት ግን እሱ አይደለም። ክላሲክ ያደረጋት ሄሬሾፍ ያኖረው ሚዛን ነው፤ ዶውዲሽም ይህን ሚዛን አላጎደለችም። የድሮ ጀልባን በአዲስ ቁስ ልትሠሩ የምታስቡ ካላችሁ፣ ከቫርኒሹ በፊት ሚዛኑን አስቡ።