ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ

ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ የእቁብ ዕጣ ወጣልኝ፤ 350,000 ብር። ባለቤቴ የተሰነጣጠቀውን የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ አሰበች። ልጆቼ ግድግዳ የሚያክል ቴሌቪዥንና ከአምስት አቅጣጫ የሚጮኽ ሆም ቲያትር አሰቡ። እኔ ግን ማሰብም አላስፈለገኝ። የምፈልገውን ካወቅሁ ሃምሳ ዓመት አልፎኛል። ቋሚ ስፒከር! ከወለል ተነስቶ ደረት የሚደርስ፣ ጥንድ ሆኖ በሳሎን ግራና ቀኝ እንደ ዘብ የሚቆም፣ ፈረንጆች «ታወር» የሚሉት።

«ሃምሳ ሰባት ዓመት ሞልቶህ ጭፈራ ቤት ልትከፍት ነው?» አለችኝ ባለቤቴ።

መልስ ነበረኝ፤ ነገር ግን አፌ ላይ አልመጣ አለኝ። እስቲ እዚህ ልጻፈው።

በ1966 ዓ.ም. ስድስት ዓመቴ ነበር። አባቴ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ማታ ከሥራ ሲመለሱ ሰፈሩ መግቢያ ድረስ ወጥቼ እጠብቃቸውና እጃቸውን ይዤ ወደ ቤት እንሄዳለን። መንገዳችን ላይ የቆርቆሮ አጥር ያለው የአንድ ባለጸጋ ቤት ነበር። አጥሩ ዘንድ ስንደርስ የአባቴ የጫማ ክር ሁልጊዜ ይፈታል። ጎንበስ ብለው ያስራሉ፤ ይፈቱታል፤ መልሰው ያስራሉ። ከቤቱ መስኮት የጥላሁን ገሠሠ ወይም የማሕሙድ አሕመድ ድምፅ እየወጣ መንገዱን ይሞላዋል። «አባባ፣ እንሂድ» ስላቸው «ቆይ፣ ይጨርስ» ይሉኛል። ምኑ እንደሚጨርስ አይነግሩኝም። እኔ የጫማው ክር ይመስለኝ ነበር።

አንድ ምሽት የግቢው በር ተከፍቶ፣ የሳሎኑም በር ተከፍቶ፣ የድምፁን ምንጭ አየሁት። ሁለት ቡናማ ሣጥኖች ናቸው፤ ቁመታቸው ከእኔ ይበልጣል። በዚያ ዕድሜዬ ዘፋኞቹ እዚያ ውስጥ የሚያድሩ ይመስለኝ ነበር ብዬ ብዋሽ ያምርልኝ ይሆናል፤ ግን እንዲያ አላሰብኩም። ያሰብኩት አባቴ ከአጥር ውጭ ጎንበስ ማለታቸውን ነው።

ያ ዘመን የሸክላ ዘመን ነበር። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሬከርድስን ሲያቋቁም ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ ለሌላ የተሰጠ ነበር፤ ወጣቱ ነጋዴ ግን ደፍሮ ገባበትና እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ትንንሽ፣ ዐሥራ ሁለት ደግሞ ትልልቅ ሸክላዎች አወጣ። ዛሬ ዓለም የሚያደንቀው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ብዙው ክፍል የተረፈው በዚህ ድፍረት ነው። እኛ ቤት ግን ሸክላ ማጫወቻ አልገባም። የአባቴ ደመወዝ ለስድስት አፍ ነበር። ኋላ ሬዲዮ ገባ፤ ካሴት ገባ፤ አጥሩም ፈረሰ፤ ባለቤቱም የት እንደገባ አይታወቅ። እኔ ዘንድ የቀረው ዕዳ ብቻ ነው። አባቴን አንድ ቀን ከአጥሩ ውስጥ ሶፋ ላይ አስቀምጬ ላሰማቸው ለራሴ ቃል ገባሁ።

አሁን አባቴ 84 ዓመታቸው ነው። ከእኛ ጋር በኮንዶሚኒየሙ ሦስተኛ ፎቅ ይኖራሉ።

ታዲያ ወደ ቦሌ ወጣሁ። ስፒከሩን ያየሁት ከሁለት ዓመት በፊት ነበር፤ ያኔ ዋጋው ዛሬ ከሚጠራበት ግማሽ ገደማ ነበር። ብራችን በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ በኋላ የስፒከሩ ዋጋ ቁመቱን ቀደመው። 340,000 ብር። ሻጩ ትሑት ወጣት ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ ስፒከር አይደለም፤ ይሄ ንብረት ነው» አለኝ። «ትዊተሩ 40,000 ኸርዝ ይደርሳል።»

የሰው ጆሮ በልጅነቱ እንኳ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ድረስ ነው የሚሰማው። ከዚያ በላይ ያለው ለሌሊት ወፍ ካልሆነ ለማን እንደተሠራ አልጠየቅሁትም። የሚገዛ ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ አይጠይቅም።

በቆዳ የተለበጠውን ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና ሦስት ጥንዶች አከታትሎ አሰማኝ። አንደኛው ቀጭን፣ ሁለተኛው መካከለኛ፣ ሦስተኛው እኔ ያፈቀርኩት ግዙፍ። ግዙፉ ሲጀምር ወንበሬ ተንቀጠቀጠ፤ ልቤም እንዲሁ። ሌሎቹ ከጎኑ ሲታዩ ጉንፋን የያዛቸው መሰሉ። በዚያው ቀን ቀብድ ልከፍል እጄን ኪሴ ከትቼ ነበር። ያተረፈኝ አብሮኝ የመጣው የእህቴ ልጅ ነው። በኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ ልጅ ነው።

«ጋሼ፣ ድምፁን የሚያስተካክለውን ቁልፍ አልነካውም እኮ» አለኝ በጆሮዬ።

ነገሩን ያስረዳኝ መንገድ ላይ ነው። ስፒከሮች በተመሳሳይ ኃይል እኩል አይጮኹም። አንድ ዋት ሰጥተህ አንድ ሜትር ርቀህ ስትለካ አንዱ 86 ዴሲቤል፣ ሌላው 92 ዴሲቤል ሊሰጥህ ይችላል። ልዩነቱ ስድስት ብቻ ይመስላል። ዳሩ ግን ሦስት ዴሲቤል ለመጨመር ኃይሉን እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ስድስት ለመጨመር አራት እጥፍ። እንግዲህ ያ ቀጭኑ ስፒከር ከግዙፉ እኩል እንዲሰማ አራት እጥፍ ኃይል ይፈልግ ነበር። ጆሮ ደግሞ ጥቂት ከፍ ያለውን ድምፅ «የተሻለ» ብሎ የመፍረድ ክፉ ልማድ አለው። ከፍ ብሎ የተናገረ ሁሉ እውነት የተናገረ እንደሚመስለን ማለት ነው።

ይኸው ልጅ አንድ ጥናትም ነገረኝ። እ.ኤ.አ. በ1994 ፍሎይድ ቱልና ሾን ኦሊቭ የተባሉ ተመራማሪዎች አራት ስፒከሮችን ለ40 ሰዎች አሰሙ፤ በመጀመሪያ ስፒከሮቹ እየታዩ፣ ከዚያ በመጋረጃ ተሸፍነው። አድማጮቹ የአንድ የስፒከር ኩባንያ ሠራተኞች ናቸው፤ ጆሯቸውን የሚያምኑ ሰዎች። ስፒከሮቹ ሲታዩ መልካቸውና ስማቸው የከበደው ብዙ ነጥብ አገኙ። መጋረጃው ሲወርድ ልዩነቱ ጠበበ፤ በዓይን የተሰጠው ማዕረግም ተናጋ። ሰዎቹ አልዋሹም። ዓይናቸው ጆሯቸውን ቀድሞ ሰምቶላቸው ነው።

በሳምንቱ ተመልሰን ሄድን። ሻጩን አስፈቅደን፣ የእህቴ ልጅ በስልኩ የድምፁን ከፍታ እየለካ ሦስቱን እኩል አደረጋቸው። የእኔን ዓይን በባለቤቴ ነጠላ አሰሩት። ገበያተኛ እየገባ ሲወጣ ይስቅብኛል። አንድ ዘፈን ስድስት ጊዜ ሰማሁ፤ ስድስት ጊዜ «ይሄ ይሻላል» አልኩ። ነጠላው ሲፈታ አምስቱን ጊዜ የመረጥኩት ቀጭኑን ነበር። ዋጋው የግዙፉ ሲሶ ነው። ደስ ሊለኝ ሲገባ አፈርኩ። ሃምሳ ዓመት የተመኘሁት ድምፅ አልነበረም ማለት ነው፤ ሣጥን ነበር።

ከሣጥኑ ውስጥ ያለው ነገርም እንግዳ አይደለም። ራይስና ኬሎግ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1925 ካሳወቁት ዘዴ ብዙ አልራቀም፤ ማግኔት፣ የሽቦ ጥቅል፣ ጥቅሉ የሚገፋውና የሚጎትተው ሾጣጣ ወረቀት። ትልቁ ሣጥን የሚሰጥህ በዋናነት ዝቅተኛውን ድምፅ፣ ቤዙን ነው። እሱንም የሚወስነው ሣጥኑ ብቻ አይደለም፤ ሳሎንህም ነው። የእኛ ሳሎን ርዝመቱ አራት ሜትር ነው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ይጓዛል። በስምንት ሲካፈል ወደ 43 ኸርዝ ይመጣል። ይኸውም በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል እየተመላለሰ ራሱን የሚያሳብጠው ድምፅ ነው። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ደግሞ ሳይነካ 41 ኸርዝ ነው። እንግዲህ ያንን ግዙፍ ስፒከር ቤቴ ባስገባው ቤዝ ጊታሪስቱ ወፍራሙን ክር በነካ ቁጥር ሳሎኑ አብሮት ሊዘፍን፣ ከብሎኬቱ ማዶ ያሉት ጎረቤታችንም አብረው ሊያለቅሱ ነው።

ይህን ሁሉ ካወቅሁ በኋላም ልቤ አልቆረጠም። የመጨረሻው ዳኛ አባቴ ይሁኑ አልኩ። ቅዳሜ ጠዋት ጋቢያቸውን ለብሰው መጡ። ሻጩ ወንበር ስቦ «አባቴ፣ ይቀመጡ» አላቸው። ግዙፉ ላይ ጥላሁንን አስከፈትኩ። አባቴ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ። ፊታቸው ላይ የምጠብቀው ነገር አልመጣም።

«እንዴት ነው አባባ?»

«ድምፁ ትልቅ ነው» አሉ። «ሰውየው ግን የለም።»

ወደ ቀጭኑ ቀየርን። «አሁንም የለም» አሉ። ሻጩ ሊረዳን ብሎ ድምፁን ከፍ ሲያደርገው ሁለቱን ጆሮዎቻቸውን ያዙ፤ «አትጩህብኝ ልጄ!» ዝቅ ሲያደርገው አይሰሙም፤ ከፍ ሲያደርገው ያማቸዋል። እኔም ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር የታየኝ። ቤት ውስጥ «ሰው መጣ» ስንላቸው «ምኑን ልተው?» ይሉናል፤ እኛም እንስቃለን፤ እሳቸውም አብረውን ይስቃሉ። ማታ ቴሌቪዥን ሲከፈት ወደ መኝታቸው ይሄዳሉ። ዕድሜ ነው፣ እንቅልፍ ነው እንላለን። እንቅልፍ አልነበረም።

የጆሮ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው። ሐኪሟ በመስታወት ክፍል አስገብታ በጆሮ ማዳመጫ እየመረመረች ውጤቱን ወረቀት ላይ ነጠበችው። መስመሩ በግራ በኩል፣ በዝቅተኛው ድምፅ፣ ደህና ይሄድና ወደ ቀኝ ሲሄድ እንደ ገደል ይወርዳል። 4,000 ኸርዝ ላይ ሸለቆ አለው።

«ምን ነበር ሥራቸው?» አለችኝ።

«የማተሚያ ማሽን አጠገብ፤ 31 ዓመት።»

ሌላ አልጠየቀችም። በጩኸት የተጎዳ ጆሮ መጀመሪያ ሸለቆ የሚሠራው እዚያው አካባቢ ነው አለችን። የቃል ድምቀቱ፣ አናባቢው፣ በዝቅተኛው በኩል ነው፤ ቃሉን ከቃል የሚለዩት «ሰ»፣ «ተ»፣ «ፈ»፣ «ከ» ግን ከላይ ናቸው። አባቴ የሰውን ድምፅ ይሰማሉ፤ ያለውን አይሰሙም። «ሰው» እና «ተው» አንድ የሆኑባቸው ለዚህ ነው። የእኛ ሰው ያነበበው ስንት መጽሐፍ በዚያ ማሽን ወጥቷል! ለአባቴ ግን አንድ የጆሮ መሸፈኛ የሰጣቸው አልነበረም።

እኔም ቆይቼ ተመረመርኩ። ከ10,000 ኸርዝ በላይ ያለው ለእኔ ዝምታ ነው። ሻጩ ያሞገሰልኝ 40,000 ትዝ አለኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል የምሰማው ሐሜትን በሚመለከት ነበር፤ ለካ ከዚያም ያልፋል።

ገንዘቡ እንዲህ ተከፋፈለ። ግማሹ ገደማ ለአባቴ የሁለት ጆሮ መስሚያ መሣሪያ ሆነ። በቀረው ከአገር ከሚወጡ አንድ የውጭ ሰው ያገለገሉ ቀጫጭን ቋሚ ስፒከሮች ገዛሁ፤ ከቴሌቪዥኑ ሥር የሚቀመጥ የመሐል ስፒከርም ጨመርኩ። ልጆቼ በአምስት ፋንታ ሦስት ነው ብለው አኮረፉ። በፊልም ግን የተዋናዮቹ ንግግር በአብዛኛው የሚመጣው ከዚያ ከመሐሉ ነው፤ እኔም የፈለግሁት ፍንዳታውን ሳይሆን ንግግሩን ነው። ስፒከሮቹን ከግድግዳው 60 ሳንቲ ሜትር አራቅኳቸው፤ ከኋላቸው ያለውን የአየር ቀዳዳ በአሮጌ ካልሲ ወተፍኩት፤ ቤዙ ረጋ አለ። ጎረቤታችንም እስካሁን በሩን አላንኳኩም። ሴራሚኩ ለሚመጣው እቁብ ተላልፏል። ባለቤቴ ይህን እንዳልረሳች በየጠዋቱ ታስታውሰኛለች።

አባቴ መሣሪያውን የመጀመሪያው ሳምንት ጠሉት። የማንኪያው ድምፅ፣ የፌስታሉ ኮሽታ፣ የራሳቸው ጫማ፣ ሁሉም ጠላት ሆነባቸው። ሐኪሟ አእምሯቸው የረሳውን መልሶ እስኪለምድ ጊዜ ይወስዳል ብላን ነበርና ታገሥን። በሦስተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ የማሲንቆ ዘፈን ከፍቼ ጋዜጣ እያነበብኩ ሳለ «ጭራው» አሉ።

«ምን አሉኝ አባባ?»

«የማሲንቆው ጭራ። ክሩ ላይ ሲፋቅ ይሰማል።»

ጋዜጣዬን አጠፍኩ። ተነስቼ ጥላሁንን ከፈትኩ፤ ከፍ ሳላደርግ። አባቴ ሶፋው ላይ ወደ ፊት ጠጋ ብለው ተቀመጡ። ባለቤቴ ከጓዳ እራት መቅረቡን ተናገረች። እኔ ሃምሳ ዓመት የያዝኩትን ጥያቄ ለመጠየቅ ጎንበስ አልኩ፤ «አባባ፣ ያኔ በአጥሩ በኩል ከሚሰሙት ጋር ሲተያይ እንዴት ነው?»

እጃቸውን አነሱብኝ።

«ቆይ፣ ይጨርስ።»

ዘፈኑ ሲያልቅ ጥያቄዬን ረስተውት ነበር። እኔም አልደገምኩት። ወጡ ሳይቀዘቅዝ ወደ ማዕድ ሄድን።